የማኅተም ቀራጯ ብቸኛ ቁጥር

አስካለ ደበሳይን ፒያሳ ላይ የማያውቅ ሰው ካለ፣ በዕድሜው ማኅተም አስቀርጾ የማያውቅ ሰው ነው። ከወርቅ ቤቶቹ መደዳ ጀርባ፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ አንድ ሰው ከነወንበሩ ብቻ የምታስገባ የመስታወት ሳጥን አለቻት። በዚያች አርባ አምስት ዓመት ሠርታለች። የእድር ክብ ማኅተም፣ የአስመጪና ላኪ ማኅተም፣ የጠበቃ ስም፣ «ተሰርዟል» የሚለው ጎማ ሳይቀር በእሷ ምላጭ ሥር አልፏል። ደብዳቤ ሳይዝ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ላስቀርጽ ብሎ የመጣ ደፋር ካጋጠማት፣ ከነከረባቱ ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ በስድብ ትሸኘዋለች። ተወልዳ ያደገችው እሪ በከንቱ ሰፈር ነው፤ ስድብ ሲያልቅባት ታይቶ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው አስካለ ቁጥር እንዳላት ነው። የስልክ አይደለም፣ የሎተሪም አይደለም። 73939133 ነው፤ ሰባ ሦስት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት። ሁለት ዓመት ሙሉ በእስክሪብቶ የታገለችው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው። አንዲት ማኅተም ቀራጭ ከቁጥር ጋር ምን እንዳገናኛት ለማወቅ ግን ወደ ዜሮው መመለስ ያስፈልጋል።

ዘመኑ 1972 ነው። አስካለ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የሂሳብ መምህሯ ገብረትንሣኤ ይባላሉ፤ ጠመኔውን ሳይቀር በመሐረብ ጠቅልለው የሚይዙ፣ ሱሪያቸው ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት የማትታይ ሰው ነበሩ። ሃያ ጥያቄ ያለው ፈተና ሰጡ። አስካለ ሃያውንም መለሰች፤ ከመልሱ በቀር ግን አንዲት መስመር አልጻፈችም። ቁጥር ሲሰጣት መልሱ ጭንቅላቷ ውስጥ ቁጭ ይልላት ነበር። የመጣበትን መንገድ መጻፍ ደግሞ፣ ከቤት ወደ ሱቅ ደርሶ ለመጣ ሰው ስንት እርምጃ እንደሄደ ንገር እንደማለት ጊዜ ማባከን መሰላት።

መምህር ገብረትንሣኤ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩ። «አሠራር የሌለው መልስ የተሰረቀ መልስ ነው» አሉ። ዜሮ ሰጧት። ከዚያም ስልሳ ልጅ ፊት አቁመው ከማን እንደኮረጀች ጠየቋት።

«አልኮረጅኩም» አለች።

«ይቅርታ ጠይቂና ተቀመጪ።»

«አልጠይቅም።»

«እንግዲያው ወላጅ ይዘሽ ነይ።»

አባቷ ደበሳይ ማኅተም ቀራጭ ነበሩ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መምህሩ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። መምህሩ ልጅቷ ይቅርታ ትጠይቅ አሉ፤ ልጅቷ ያላደረግኩትን አደረግኩ አልልም አለች። አባት በሁለት እልኸኞች መካከል መመላለሱ ሲሰለቻቸው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ምላጭ በእጇ አስያዙና ከመስታወቷ ሳጥን ደጃፍ ከጎናቸው አስቀመጧት። የአስካለ ትምህርት በዚሁ አበቃ። ያኔ ቀበሌ የማያትመው ነገር ስላልነበረ ሥራ ሞልቶ ነበር፤ እሷም እጇ ቶሎ ፈታ። አባቷ ሲሞቱ ሳጥኗን ወረሰች፣ አገባች፣ ባሏን ቀበረች፣ ማክዳ የምትባል ልጅ አሳድጋ ባንክ አስቀጠረች። ዜሮው ግን ከሆዷ አልወጣም። ሰው ሌባ ሲባል ቢያንስ የጠፋ ዕቃ አለ። እሷ የተሰረቀበት ሰው በሌለበት ሌባ ተብላ ቀረች፤ ይህ ያንገበግባታል፣ ዛሬም።

ደንበኛ በሌለበት ሰዓት አስካለ ቁጥር ትሰብራለች። የታክሲ ታርጋ፣ የቤት ቁጥር፣ ያገኘችውን ሁሉ በምን በምን እንደሚከፈል ታያለች። በጣም የምትወዳቸው ግን የማይሰበሩትን ነው። ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር ይሏቸዋል፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር እኩል የሚያካፍላቸው የለም። ሰባት እንዲህ ነው፣ አሥራ ሦስት እንዲህ ነው። አንድ ቀን ለራሷ ጨዋታ ፈጠረች። ከሰባት ተነሥታ ከኋላው አንድ አንድ አኃዝ ልትጨምር፣ በጨመረች ቁጥር ግን ብቸኛነቱ እንዳይፈርስ። 73 ሆነ። 739 ሆነ። 7393፣ ከዚያም 73939። በሌሎች መንገዶች ሞክራ ሞክራ መሐል ላይ ቆማለች፤ ይህኛው ግን እስከ ስምንት አኃዝ ወሰዳትና 73939133 ላይ አደረሳት። ዘጠነኛ አኃዝ ልትጨምርበት ብትል የጨመረችው ሁሉ አፈረሰው።

የወደደችው ለዚህ ነው። ይህን ቁጥር ከኋላው ብትቆርጠው የቀረው አይከፈልም። ደግመህ ብትቆርጠው የቀረው አሁንም አይከፈልም። እየቆራረጥክ ሰባት ብቻዋን እስክትቀር ብትሄድ እንኳ አንድም ቦታ ላይ እጅ አይሰጥም። ሰፈሩ ራሱ ለልማት እየፈረሰ ከዳር ከዳር እየተቆረጠ፣ ዛሬ ያየኸው ሱቅ ነገ አቧራ በሚሆንበት ሰሞን ይህ ነገር ለአስካለ ትልቅ መጽናኛ ነበር።

ግን መውደድ አንድ ነገር ነው፣ ማረጋገጥ ሌላ። ስምንት አኃዝ ያለውን ቁጥር የሚከፍል እንደሌለ ለማረጋገጥ ከሱ በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች እያነሱ ማካፈል ነው። ደግነቱ ሁሉንም አይደለም። 8599 በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ ስለሚያልፍ ከ8599 በታች ያሉት ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ የሆነ አካፋይ ቢኖር ጓደኛው ከዚያ በታች መገኘቱ አይቀርም። አስካለ ብቸኛ ቁጥሮቹን ራሷ አንጥራ አወጣች፣ ከዚያ ማካፈል ጀመረች። በቀን ሁለት፣ ቀኑ ቀዝቃዛ ከሆነና ደንበኛ ከሌለ አራት። አሠራሩን ከላይ እስከ ታች፣ ቀሪውን አስምራ። ሰባት ደብተር ሞላ።

ልጇ ማክዳ አንድ እሑድ ደብተሮቹን አይታ ሳቀች። «እማዬ፣ ይሄን እኮ ስልኬ ላይ ብጽፈው ዓይንሽን ሳታርገበግቢ ይነግርሻል።»

«ስልክሽ ዜሮ ተሰጥቶት አያውቅም» አለች አስካለ። በዚሁ ወሬው ተዘጋ።

ለምን ያን ሁሉ እንደምትጽፍ ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷ ግን ታውቀዋለች። መምህር ገብረትንሣኤ አልሞቱም። ሰማንያ አልፏቸው፣ ከዘራ ይዘው፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሳጥኗን አልፈው ጎረቤት ወዳለው ካፌ ይገባሉ። ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እሷ ጎማው ላይ እንዳቀረቀረች ትቀራለች። ያስታውሷት አያስታውሷት አታውቅም። ባርኔጣ ለሁሉም ነው የሚያነሱት።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ሰኞ የሲን መጣ። የሲን ከደረጃው ማዶ የሌዘር ማሽን ያለው ልጅ እግር ነጋዴ ነው፤ እሷ ግማሽ ቀን የሚፈጅባትን ማኅተም በአምስት ደቂቃ ያወጣል። ጠላቷ ቢሆን ማንም አይፈርድባትም ነበር። ነገር ግን ማሽኑ የሚያወጣውን የአማርኛ ፊደል እሷ ሳታይለት ለደንበኛ አይሰጥም፣ እሷም ስታይለት ሳትሰድበው አትመልሰውም፤ በዚህ ተስማምተው ይኖራሉ።

«እትዬ አስካለ፣ ሰማሽ... ይቅርታ፣ ሰሙ?» አለ። ሲቸኩል አክብሮቱ ይጠፋበታል። «መደዳው የሚቆየው እስከ ቅዳሜ ነው፣ ከዚያ ይፈርሳል። ካፌውም ቅዳሜ የመጨረሻው ነው አሉ።»

«የኛን ቀን አውቀዋለሁ።»

«መምህር ገብረትንሣኤም እሑድ ይለቃሉ። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፣ ከከተማ ዳር። እዚያ የገባ ሰው ደግሞ ተመልሶ ለማኪያቶ አይመጣም።»

አስካለ ምላጩን አስቀመጠች። አርባ አምስት ዓመት «አንድ ቀን» ስትል ኖራ፣ ያ አንድ ቀን አምስት ሆኖ ተቆጥሮ ተሰጣት። ያን ሁሉ ደብተር እኚህ ሰው ካላዩት ማን ሊያየው ነው? ቁራጭ ወረቀት አወጣችና ስምንቱን አኃዝ ጻፈችበት። «ይህን በቶሎ ቅረጽልኝ። ትልልቅ አድርገው።» እጇ ከአምና ጀምሮ ስለሚደነዝዝ፣ እንዳይበላሽባት ለማሽኑ ተወችው። ቁጥሩን በእጅ ጽፋ ማቅረብ ደግሞ አልፈለገችም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወረቀት እንዲታመን ያደረገችው በማኅተም ነው፤ የራሷም እንዲሁ እንዲታመን ፈለገች።

ማክሰኞ ጠዋት ከየሲን የተጠቀለለውን ማኅተም ተቀብላ፣ ሳትፈታው፣ ቀጥ ብላ ካፌው ገባች። የመጀመሪያው ምት እሳቸው ፊት እንዲሆን ነበር የፈለገችው። ኩራት ነው፤ ኩራቷም ዋጋ አስከፈላት።

መምህር ገብረትንሣኤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። አስካለ ነጭ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋች፣ ማኅተሙን ቀለም አስነካችና መታችው።

«አስካለ ደበሳይ ነኝ» አለች። «ስምንተኛ ክፍል አስተምረውኛል።»

«አውቅሻለሁ» አሉ።

ይህን አልጠበቀችም፤ ቢሆንም ወደኋላ አላለችም። «ለዚህ ቁጥር አካፋይ ያግኙለት። ካገኙ ያኔ ኮርጄ ነበር እላለሁ። እዚሁ፣ ሰው ፊት።»

ባንኮኒው ላይ ተደግፈው የነበሩት ዞር አሉ። አስተናጋጇ ኢልሀም ትሪዋን እንደያዘች ቆመች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ፣ እርሳስ አወጡ። አኃዞቹን ደመሩ፤ 38 ሆነ። «ለሦስት አይከፈልም» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ በሰባት ጀመሩ። እርሳሱ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ከታች ምንም ሳይተርፍ ቆመ።

«ሰባት ይከፍለዋል» አሉ ወረቀቱን ወደሷ አዙረው። «4741991 ይደርሳል። ቀሪ የለም።»

አንዱ ሳቀ። አስካለ ወረቀቱን አየች፤ ከታች ያለውን ዜሮ እንጂ ከላይ ያለውን ቁጥር አላየችም።

«ዛሬም ሳትሠሪ ነው የመጣሽው?» አሉ መምህሩ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ያዘኑ ይመስሉ ነበር። ይህ ባሰባት። ወረቀቱን መንጭቃ ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት፣ ሰባት ደብተር፣ ከሁሉ መጀመሪያ ከሞከረቻቸው አንዱ ሰባት ሆኖ! ያን ጊዜ ነው ከላይ ያለውን ያነበበችው። 33193937 ይላል።

ወደ ሌዘሩ ሱቅ ስትገባ የሲን ፊቷን አይቶ ተነሣ። «የሰጠሁህ ወረቀት የታለ?» አለች። አወጣላት። በራሷ እጅ፣ በራሷ እስክሪብቶ፣ 33193937 ተጽፎበታል።

«እንደጻፉት ነው የጻፍኩት» አለ የሲን ፈራ ተባ እያለ። «ማሽኑ ራሱ ይገለብጠዋል።»

ያን ጊዜ ለአስካለ ገባት። ማኅተም ጎማው ላይ ተገልብጦ ካልተቀረጸ ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ አይወጣም። እሷ ደግሞ ምላጯ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲከተል ረቂቁን ቀድማ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ትጽፈዋለች። አርባ አምስት ዓመት እንዲህ ጽፋለች። ለማኅተም ስትጽፍ እጇ አይጠይቃትም፣ ዝም ብሎ ይገለብጣል።

«እትዬ፣ እኔ አጠፋሁ ልበልላቸው» አለ የሲን። «ማሽኑ ነው እላለሁ። ማሽን ምን ይላል?»

«አንተ ምን አጠፋህ? አንዴ በውሸት ተከስሻለሁ፤ በውሸት ደግሞ ነፃ ልውጣ?» አለችና ሄደች።

ሮብ ጠዋት ሰባቱን ደብተሮች በፌስታል ይዛ ተመለሰች። ትናንት የሳቀው ሰውዬ አሁንም ባንኮኒው ጋ ነበር፤ ዓይኑን እያየች አለፈችው። ደብተሮቹን መምህሩ ፊት ደረደረችና ቁጥሩን በእጇ ጻፈችላቸው።

«ትናንት ገልብጬ ሰጠሁዎት። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሰጠሁዎት የሰባት ብዜት መሆኑም ልክ ነው። የእኔ ቁጥር ግን ይህ ነው።»

«አስካለ፣ አንዱ ሲፈርስብሽ ሌላ ካመጣሽማ...»

«ደብተሮቹ ከሁለት ዓመት በፊት የተጀመሩ ናቸው፤ ቀኑ በየገጹ አለ። ያኔ አሠራር አሉኝ። ይኸው አሠራር።»

«ይህን ሁሉ ማን ያያል?» አሉ የደብተሩን ክምር እያዩ።

«እርስዎ። ማየት የነበረብዎ ያኔ ነበር። አላዩም፣ ስለዚህ በዛ።»

ሽማግሌው ማኪያቶውን ወደ ጎን ገፉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ደብተር ከፈቱ።

ሐሙስ ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጡ። ዓርብም እንዲሁ። ውጭ ከአትክልት ተራ የሚመጡ ተሸካሚዎች ዕቃ እያወረዱ መደዳውን ባዶ ያደርጉታል፤ እሳቸው አያዩም። አስካለ ሳጥኗ ውስጥ ሆና ላለማየት ትሞክራለች፣ ኢልሀም ግን በየሰዓቱ ወሬ ታመጣለች። «አራተኛው ደብተር ላይ ናቸው።» «ምሳ እምቢ አሉ።» «እትዬ፣ ሽማግሌው ምን አጥፍተው ነው እንዲህ የሚቀጧቸው?» አስካለ ጎማዋ ላይ አቀረቀረች። ስህተት እየፈለጉ መሆኑን ታውቃለች። ይፈልጉ። ፈልገው ያጡ ዕለት ነው ልቧ የሚያርፈው።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ኢልሀም እየሮጠች መጣች። «መምህር ይጠሩዎታል» አለቻት። ካፌው ውስጥ ወንበሮቹ ተደራርበው ተነሥተዋል፤ የቀረው የሳቸው ጠረጴዛና ባንኮኒው ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ቀን ማኪያቶ ለመጠጣት የመጡ የሰፈር ሰዎች ቆመው ያወራሉ። የሲንም ከኋላዋ ገባ።

«አንድ ሺህ ስልሳ ዘጠኝ ጊዜ አካፍለሻል» አሉ መምህር ገብረትንሣኤ። «አንድ ሺህ ሰባ መሆን ነበረበት። 8537ን ሠርተሻል፣ ቀጥሎ ያለው 8543 ነው። መሐል ላይ 8539 አለ። እሱን አልሠራሽውም።»

አስካለ ገጹን አየች። 8537 ከገጹ ግርጌ፣ 8543 ከቀጣዩ ገጽ ራስ። ቀኑን ስታየው ገባት፤ የመደዳው ግድግዳ ላይ ይፈርሳል የሚለው ቀይ ምልክት የተቀባበት ቀን ነበር። ጩኸቱን ሰምታ ወጥታ፣ ተመልሳ ስትቀመጥ ገጽ ገልብጣ ቀጥላለች።

«ሌላው ሁሉ ልክ ነው» አሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። «ይህን የመሰለ ሥራ ከተማሪ አላየሁም። ግን አንዱ ከጎደለ አልተረጋገጠም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን።» ባዶ ወረቀትና እርሳስ ገፉላት።

አስካለ እርሳሱን አየችው። አላነሣችውም። ያን ሁሉ ደብተር የጻፈችው ለእኚህ ሰው ብላ ነው፣ አሁንም ጻፊ ይሏታል። እጆቿን አጣጥፋ ዓይኗን ጨፈነች። አሥር፣ ምናልባት አሥራ አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው።

«8658 ጊዜ ይደርሳል» አለች። «8471 ይቀራል። አይከፍለውም።»

ሽማግሌው እርሳሱን አንሥተው ራሳቸው ማካፈል ጀመሩ። ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው። 8658 አሉ፣ ከሥሩ 8471 ወጣ። አላመኑም፤ መልሰው አባዙት፣ ቀሪውን ጨመሩበት፣ 73939133 መጣ።

«እንዴት?» አሉ።

«8599 በራሱ ሲባዛ 73942801 ነው። ያቆምኩት እሱ ላይ ስለሆነ በቃሌ አውቀዋለሁ። 8539 ከሱ በ60 ያንሳል፣ 8659 በ60 ይበልጣል። ሁለቱ ሲባዙ ከዚያ ላይ የሚቀነሰው 60 በ60፣ ማለት 3600 ነው። 73939201 ይሆናል። ከቁጥሬ በ68 አለፈ። ስለዚህ 8659 በአንድ ዝቅ ይላል፤ ከ8539 ላይ 68 ሲነሣ ደግሞ 8471 ይቀራል።»

መምህር ገብረትንሣኤ እርሳሱን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የዚያን ፈተና መጨረሻ ጥያቄ» አሉ፣ «ከስልሳው ልጅ የመለሰው የለም። ያንቺን ወረቀት ነበር መጀመሪያ ያረምኩት። ክፍል ውስጥ ያንን ካልኩ በኋላ የሌሎቹን አርሜ ስጨርስ አየሁት። ከማን ልትኮርጂ ትችያለሽ?»

አስካለ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «መቼ ነው ያዩት?»

«በሳምንቱ።»

«አባቴ ሲመጡ ያውቁ ነበር?»

«ሦስቱንም ጊዜ።»

ያን ጊዜ የተሰማት ደስታ አይደለም። ንዴት ነው፣ ድፍን ንዴት። እኚህ ሰው አላወቁም ብላ ነው አርባ አምስት ዓመት የተቆጣችው፤ ማወቃቸው ደግሞ የባሰ ሆኖ ተገኘ። አባቷ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ደጅ ሲጠኑ ታዩዋት።

«ታዲያ ለምን?» አለች።

«ስልሳ ልጅ ፊት ተሳሳትኩ ማለት አቃተኝ። ዛሬ ነገ ስል ትምህርት ቤቱን ለቀቅሽ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ባርኔጣዬን አነሣሁልሽ። ሌላ አቅም አልነበረኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

«ይቅርታውን ቆይተን እናየዋለን» አለች አስካለ። «መጀመሪያ ይቁሙ።»

«ምን አልሽ?»

«ይቁሙና ይናገሩ። እኔም ቆሜ ነው ኮረጀሽ የተባልኩት፣ ሰው ፊት።»

ሽማግሌው አንድ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ፣ አንዱን ከዘራው ላይ አድርገው፣ በዝግታ ተነሡ። ማንም አልደገፋቸውም።

«ይህች ሴት» አሉ፣ «አስካለ ደበሳይ፣ አልኮረጀችም። ሃያውንም የሠራችው ራሷ ናት።»

ነገሩ ያልገባቸው የሰፈር ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ኢልሀም ሲኒዎቹን መደርደሯን ትታ ቀና አለች።

«ማን ነው ኮረጀች ያላት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አሉ መምህር ገብረትንሣኤ፣ ባንኮኒው ጋ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።